ጣቢያው የት ይቁም? ለማንስ ይቁም?



ስለ ምድር ባቡር ወሬ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ሐዲዱ ርዝመት፥ ስለ ብድሩ ብዛትና ስለ ሎኮሞቲቩ ጉልበት ነው። ስለ ጣቢያው የሚከራከር ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። «ጣቢያ ማለት ባቡር የሚቆምበት ቤት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምን ቁም ነገር አለው?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አሳብ ከዚህ የተለየ ነው። አንድ የባቡር ኩባንያ የሚሠራው ለማን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ የሒሳብ መዝገቡን ከማገላበጡ አስቀድሞ የመጨረሻ ጣቢያውን የት እንደ ሠራው ይመልከት። ሐዲዱ የኩባንያው ነው፤ ሎኮሞቲቩም የኩባንያው ነው፤ ጣቢያው ግን ኩባንያውና ሕዝቡ የሚገናኙበት በር ነው። በሩ ከሕዝቡ በራቀ መጠን ቤቱም የሕዝቡ መሆኑ ይቀራል።

ይህን ነገር ዛሬ ማንሣት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌው ባቡር ከለገሃር ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አዲሱ ባቡር የተከፈተው ከከተማው ዳር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ብዙዎቹ ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማው ዳርቻ ተወስደዋል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለየብቻቸው ሲነገሩ ሰምተናል። አንድ ላይ ሲታዩ የሚያነሡት ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም፥ የከተማው መካከል የማን ነው? የሚል ነው።

አስቀድመን የቦታውን አቀማመጥ እናስታውስ። ከዶሮ ማነቂያ ተነሥቶ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል የቸርችልን ጎዳና ይዞ ቁልቁል የሚወርድ ሰው፥ መንገዱ ሲያልቅ የሚያገኘው የይሁዳ አንበሳን ሐውልትና የለገሃርን ጣቢያ ነው። ፊቱን መልሶ ሽቅብ ቢወጣ ደግሞ ተመልሶ አራዳ ይገባል። ይህ መንገድ የአሮጌይቱ አዲስ አበባ አከርካሪ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በታችኛው ጫፉ ባቡር፥ በላይኛው ጫፉ ገበያ ነበረ። ጣልያን ገበያውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ ከባሕር የመጣው አቡጀዲ፥ ላምባ፥ ብርጭቆና ቆርቆሮ ከለገሃር ተነሥቶ ወደ አራዳ ሱቆች ይወጣ ነበር። ገበያው ከሄደ በኋላም ፒያሳ የሱቅ፥ የሲኒማ፥ የቡና ቤትና የአልቤርጎ ሰፈር ሆኖ ስለ ቀረ፥ ከባቡር የወረደ መንገደኛ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ላይ ማለቱ የተለመደ ነበር። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል በሕዝብ አፍ ተለውጦ የተገኘ ነው። ሕዝብ አንድን የባዕድ ቃል ለምላሱ እንዲመች አድርጎ የሰፈር ስም ሲያደርገው ያ ነገር የራሱ ሆኗል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ጣቢያው በዚያ ስፍራ የቆመው ሕዝቡን ለማስደሰት ታስቦ አይደለም። ታሪኩን ባጭሩ እንመልከተው። የዓመቱ አቈጣጠር፥ ካልተገለጸ በቀር፥ የኢትዮጵያ ነው።

አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ፈቃዱ ለ99 ዓመት የሚጸና ሲሆን መሥመሩ በሦስት የተከፈለ ነበር፤ የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። በወረቀቱ ላይ የተጻፉት ሁለቱ ከተሞች፥ ሐረርና እንጦጦ፥ ሁለቱም የተራራ ከተሞች ናቸው። ባቡሩ ከሁለቱ ወደ አንዱም አልወጣም። ከሁለቱም እግር ሥር ቆመ።

ኢልግና ፈረንሳዊው ሙሴ ሊዮን ሸፍኔ ባቋቋሙት ኩባንያ አማካይነት ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ይውጣ ቢባል ወጪው ከኩባንያው አቅም በላይ ስለ ሆነ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከሐረር በታች ካለው ሜዳ ደረሰ፤ ስፍራውም አዲስ ሐረር ተባለ። ይህች የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ከዚያ ቀን አንሥቶ የሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ስንት መቶ ዓመት የቆየው የሐረር ንግድ ቁልቁል ወደ ጣቢያው ፈሰሰ፤ ትናንት ያልነበረች ከተማ በሐዲዱ ግራና ቀኝ በቅላ የአገሩ ሁለተኛ የንግድ በር ለመሆን በቃች። በሐረር ላይ ጦር የዘመተ የለም፤ የጣቢያው ቦታ ብቻ ተለወጠ። የጣቢያ ቦታ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ከውጭ አገር መፈለግ አያሻም።

ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው ሥራ ግን ለብዙ ዓመት ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ ስላለቀበት በ1894 ዓ.ም. ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ውል ቢዋዋል፥ ነገሩ የኢትዮጵያን መብት የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ አፄ ምኒልክ ተቈጡ፤ መሥመሩ እንዲቀጥልም አልፈቀዱም። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያም በአገራችን ላይ በ1899 ዓ.ም. በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል ውስጥ የባቡሩን ነገር እንደ ራሳቸው ርስት ተከፋፈሉት። የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. ከተደረገው አዲስ ስምምነት በኋላ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ በስፍራው ተተክቶ ሥራው ቀጠለ። በ1907 ዓ.ም. ገደማ አቃቂ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፥ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር የሆነ መሥመር ለመዘርጋት ሃያ ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው። እንጦጦም አልደረሰ፥ አራዳም አልወጣ፤ ከአራዳ በታች ካለው ሜዳ ላይ ቆመ። ከተማይቱም እንደ ሐረር ሁሉ ቁልቁል ወደ ጣቢያው ማደግ ጀመረች። ልዩነቱ የአዲስ አበባ ሜዳ ከአራዳ በእግር የሚደረስበት ቅርብ መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ከተማውና ጣቢያው ተፎካካሪዎች ሳይሆኑ ጎረቤቶች ሆኑ።

አሁን የምናየው የድንጋይ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዘውድ በዓሉ ጊዜ የባሕር ማዶ እንግዶች በዚሁ በር ገቡ፤ የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ከጣቢያው ፊት ለፊት የቆመው ለዚሁ በዓል ነበር። ከአምስት ዓመት ተኩል በኋላ፥ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ አፄ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ሐዲድ ወደ ጅቡቲ አመሩ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት ከተማይቱን ያዘ። ሐውልቱም ተነቅሎ ወደ ሮማ ተወሰደ፤ ተመልሶ በስፍራው የቆመው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። አንድ የባቡር ጣቢያ የአንድን አገር ክብርና ሐዘን እንዲህ በቅርብ ያየበት ጊዜ በሌላውም ዓለም ብዙ አይደለም።

ነገር ግን የጣቢያው እውነተኛ ባለቤት ንጉሥም እንግዳም አልነበረም። ባለቤቱ የሦስተኛ ማዕረግ መንገደኛ ነበር። ቀድሞ ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለ ነበር ከጅቡቲ የተነሣ ሰው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፥ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ባለገንዘቡ በጣቢያው ቡፌ ሲያድር የሦስተኛ ማዕረጉ ሰው ከጓዙ ጋር እንዳገኘ ያድራል። ቢሾፍቱ፥ ሞጆ፥ አዳማ፥ መተሐራ፥ አዋሽ፥ ሚኤሶ፥ አፍደም፥ ኤረር እያለ ባቡሩ በቆመበት ሁሉ ገበያ ይቆማል። ወተት የያዘች፥ እንቁላል የቀቀለች፥ ፍራፍሬ የደረደረች ሴት በመስኮት ትሸጣለች። ከድሬዳዋ ጨርቅና ሸቀጥ በየመቀመጫው ሥር ሸሽጋ የምታመጣ ነጋዴም ነበረች፤ ፊናንሱ ያባርራታል፥ እርሷም ታመልጠዋለች። ድሬዳዋ ውስጥ ታይዋን የሚባለው ገበያ ከዚህ ንግድ የተለየ ታሪክ የለውም። ይህ ሁሉ በኩባንያው የገቢ መዝገብ ውስጥ የሚታየው «የመንገደኛ ቲኬት» በሚል አንድ መሥመር ብቻ ነው። በዚያ መሥመር ላይ ግን ስንት ቤተሰብ ተዳደረ፥ ስንት ልጅ ተማረ!

እዚህ ላይ ኩባንያው ራሱ መንገደኛውን እንዴት ያየው ነበር? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1952 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል የኢትዮጵያ መንግሥት የአክሲዮኑ እኩሌታ ባለቤት ሆነ፤ ዋናው መሥሪያ ቤትም ከፓሪስ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም የባለቤቱ ስም ተለወጠ እንጂ የኩባንያው ዐይን ያው በዕቃ ላይ ነበር። ቡና ይወርዳል፥ ነዳጅና ብረት ይወጣል፤ መንገደኛው በትርፍ ቦታ ይጓዛል። በዚያው ዘመን ጣልያን ጀምሮት የሄደው የመኪና መንገድ እየተስፋፋ፥ የአሰብ ወደብም እየጠነከረ ሄደ። የዕቃው ገበያ ወደ ካሚዮን ሲዞር ኩባንያው ደከመ፤ ኩባንያው ሲደክም አስቀድሞ የተጎዳው ደግሞ በዕቃው ትርፍ ተደግፎ ይኖር የነበረው መንገደኛ ሆነ።

የቀረው ታሪክ የመከራ ታሪክ ነው። በ1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት መሥመሩ ተቈረጠ። በዚያው ዓመት ጅቡቲ ነጻ ስለ ወጣች የፈረንሳይ ድርሻ ቀርቶ በሁለቱ አገሮች ስም ድርጅቱ እንደገና ተቋቋመ። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ሰው የጫነ ባቡር አዋሽ አጠገብ ካለው ጥምዝ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ደርሶ ከሐዲዱ ወጣ፤ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ፤ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪቃ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ይህ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር የአሰብ በር ተዘጋ፤ የአገሩ የውጭ ንግድ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ ዞረ። እንግዲህ ባቡሩ የሚፈለግበት ቀን በመጨረሻው መጣ፤ ባቡሩ ግን በዚያን ጊዜ ለመነሣት አቅም አልነበረውም። የአውሮፓ ኅብረት ለጥገና ገንዘብ ቢሰጥም ሥራው እንደታሰበው ሳይሆን ቀረ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ክፍል ጸጥ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ የለገሃርን ነገር በጋዜጣ መጻፍ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ባቡር እንምጣ። በቻይና ብድርና በቻይና ኩባንያዎች የተሠራው፥ በኤሌክትሪክ የሚነዳው፥ ሰፊ ሐዲድ ያለው የአዲስ አበባና የጅቡቲ መሥመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው። ካሚዮን በሁለትና በሦስት ቀን የሚያደርሰውን ጭነት ባቡሩ በአንድ ቀን ውስጥ ሊያደርስ መቻሉን የሚያናንቅ ሰው ቢኖር ከአገሩ ጥቅም የተጣላ ነው። የመንገደኛ ጣቢያው የተሠራው ግን በፉሪ ለቡ፥ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ነው። የድሬዳዋውም ጣቢያ እንዲሁ ከከተማው ውጪ ቆመ። የጥንቱ ኩባንያ ሐዲዱ ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከአራዳ ሥር ቆመ፤ አዲሱ ኩባንያ ግን ያገደው ተራራ ሳይኖር ከከተማው ዳር ቆመ። መንገደኛ ወደ ባቡሩ ለመድረስ መጀመሪያ ታክሲ፥ ቀጥሎ አውቶቡስ ይፈልጋል፤ ጓዝ ያለው ሰው ደግሞ ኮንትራት ታክሲ ይዞ ከባቡሩ ቲኬት ጋር የሚወዳደር ዋጋ ይከፍላል። በዚህ ዐይነት ከጣቢያው የሚቀርበው የከተማው አውቶቡስ መናኸሪያ ስለ ሆነ በአውቶቡስ መሄዱን ይመርጣል። ከዚያም «መንገደኛ የለም» ተብሎ ይጻፍበታል!

የሚያስገርመው ነገር ሌላ ነው። ከዚህ መሥመር መመረቅ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፥ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ተከፍቶ ነበር። 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመትና 39 ጣቢያዎች ያሉት ይህ ባቡር በአንድ ክንፉ ከቃሊቲ ተነሥቶ በለገሃር በኩል አልፎ እስከ ምኒልክ አደባባይ፥ ማለትም እስከ ፒያሳ አፍንጫ፥ ወጣ። ከ1886ቱ ፈቃድ ጀምሮ ሲቆጠር ባቡር ሽቅብ አራዳ የወጣው ያን ጊዜ ነው። እንግዲህ ሁለቱን ባቡሮች አስተያዩአቸው። ሁለቱም የተሠሩት በቻይና ብድር ነው፤ ሁለቱም የሐዲዳቸው ስፋት አንድ ነው፤ ሁለቱም በኤሌክትሪክ ይነዳሉ፤ የተመረቁትም በአንድ ዓመት ልዩነት በአንድ ከተማ ውስጥ ነው። ሲከፈቱ ግን አንድ ጣቢያ እንኳ የጋራ አልነበራቸውም። ከድሬዳዋ የመጣ ሰው ለቡ ላይ ወርዶ ወደ ቀላል ባቡሩ ለመሻገር ሐዲድ አጣ። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ግቢ ውስጥ ቤት ሠርተው በር ሳይከፋፈቱ እንደሚቀሩ ያለ ነው። ኋላም ከቀላሉ ባቡር ተሽከርካሪዎች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ስለ ቆሙ የከተማው ሰው ወደ ታክሲው ሰልፍ ተመለሰ።

ይህ የሆነው ለምንድን ነው? ከመሐንዲስ እውቀት ማነስ የመጣ አይመስለንም። አንደኛው ባቡር የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ፥ ሁለተኛው የከተማው አስተዳደር ጉዳይ፥ አውቶቡሱ የሌላ ድርጅት ጉዳይ፥ የለገሃር መሬት ደግሞ የሌላ ውል ጉዳይ ሆነ። ሐዲዱን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አለ፤ ዕቃውን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አለ። መንገደኛው ከአንዱ ወርዶ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን በር የሚጠብቅ ግን አልተሾመም።

በሌላ አገር ይህን ችግር በልዩ ዘዴ የፈቱ አሉ። በአሜሪካን አገር ቀድሞ እያንዳንዱ የባቡር ኩባንያ የራሱን ጣቢያ በየአቅጣጫው ይሠራ ስለ ነበር መንገደኛው ጓዙን ተሸክሞ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ይንከራተት ነበር። ስለዚህ በብዙ ከተሞች ኩባንያዎቹ ተሰብስበው የጣቢያ ኩባንያ የሚባል ለብቻው የቆመ ማኅበር አቋቋሙ። የዚህ ማኅበር ሥራ ባቡር መንዳት አይደለም፤ የጋራውን ጣቢያ ሠርቶ ማስተዳደር ነው። በሲንሲናቲ ከተማ ሰባት የባቡር ኩባንያዎች እንዲህ ተባብረው እ.ኤ.አ. በ1933 አንድ ታላቅ ጣቢያ ከፈቱ። ከዚያ አውሮፕላንና መኪና ሲበዛ መንገደኛው ቀነሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ባቡር ከጣቢያው ወጥቶ ከከተማው በሌላ በኩል ወዳለች ትንሽ ጣቢያ ተዛወረ። ታላቁ ሕንፃ ባዶውን ቀረ፤ ከፊሉም ፈረሰ፤ የገበያ አዳራሽ ቢያደርጉትም አልሆነም። በኋላ የከተማው ሕዝብ ተነሣሥቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ሙዚየም አደረገው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ባቡሩ ተመልሶ በዚያው ቤት መቆም ጀመረ። ዛሬ ሙዚየሙና ባቡሩ በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ባቡር ከጣቢያው ቢወጣ ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ሊመለስ የሚችለው ግን ሕንፃው ካልፈረሰና ሐዲድ የሚገባበት ስፍራ ከተጠበቀለት ብቻ ነው።

ለገሃር አሁን ያለው እዚህ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ኢግል ሂልስ የተባለ የአቡዳቢ ኩባንያ በ36 ሄክታር መሬት ላይ አዲስ መንደር እንዲሠራ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል። በዚያን ጊዜ አሮጌው የጣቢያ ሕንፃ በቅርስነት እንደሚጠበቅ፥ በስፍራው ለሚኖሩ 1,600 ያህል ቤተሰቦችም በዚያው አካባቢ ቤት እንደሚሠራላቸው ተነግሯል። የመጨረሻው አሳብ የሚመሰገን ነው። ነባሩ ሰው ከመሬቱ ሳይነቀል መንደሩ ሊታደስ ይችላል የሚል ሥርዐት በአንድ ስፍራ ከተቀበልን፥ በአራዳም ሆነ በሌላ ስፍራ የማንቀበልበት ምክንያት አይታይም። ደግሞም ነባሩ ቤተሰብ ይቆይ የተባለበት ስፍራ ነባሩን ባቡር ለምን ያስወጣል? ባቡር የማይገባበት ጣቢያ፥ ግድግዳው ቢታደስና መብራቱ ቢያምር፥ የመቃብር ሐውልት ነው። ቱሪስት ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ መንገደኛ ግን አያገኘውም።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው፥ ገንዘብ የሚያመጣው ጭነት ነው፤ መንገደኛ ኪሳራ ነው ይላሉ። ጭነት የበለጠ ገቢ እንደሚያመጣ አንክድም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ለተዘረጋው አስፋልት «በዚህ ዓመት ስንት አተረፍህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው አለ? መንገድ የሚሠራው ሕዝብ እንዲመላለስበት ነው ብለን ለአስፋልቱ የተቀበልነውን ለሐዲዱ የምንነፍግበት ምክንያት የለም። አሮጌው ባቡር በየጣቢያው ያቆመው ገበያ በቲኬት ገቢ አይለካም።

ሁለተኛው ምክንያት፥ ከባድ ባቡር በከተማ መካከል ማስገባት አይቻልም የሚል ነው። ይህ እውነት ያለበት ነገር ነው። የነዳጅና የኮንቴይነር ፉርጎ በለገሃር ይለፍ ያለ የለም። የምንጠይቀው ሰው ብቻ የሚጭን ቀላል ባቡር በለቡና በለገሃር መካከል እንዲመላለስ፥ ሰዓቱም ከሩቅ ባቡሩ መድረሻና መነሻ ጋር እንዲገጥም ነው። የከተማው ቀላል ባቡር በለገሃር በኩል የሚያልፍ ሐዲድ አለው። ያጣነው ከዚያ እስከ ለቡ ያለውን የመገናኛ ክፍል ነው።

ሦስተኛው፥ የከተማው መካከል መሬት ውድ ስለ ሆነ ለሆቴልና ለመኖሪያ ፎቅ ቢውል ይሻላል ይላሉ። የዚህ መልስ በድሬዳዋ ተጽፏል። እዚያ ሜዳውን ውድ ያደረገው ጣቢያው ነው። ለገሃርም እንዲሁ ነው፤ መሬቱ የተወደደው ባቡር ስለ ቆመበት ነው። ባቡሩን አስወጥቶ የመሬቱን ዋጋ ብቻ ማስቀረት የሚፈልግ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ሴት እንዳይሆን ያሰጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የሰው ነገር ነው። ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው ሰፈሮች ተነሥተው ወደ ዳርቻ የሄዱት ሰዎች ኑሯቸውን የሠሩት በመካከለኛው ከተማ ነበር። ሱቅ የሚጠብቀው፥ በጀበና ቡና የምታፈላው፥ ልብስ የሚሰፋው፥ ጫማ የሚጠርገው ገበያው ያለው ፒያሳ ነው። አሁን ጠዋት ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ሥራው ለመድረስ የትራንስፖርት ገንዘብና የብዙ ሰዓት ሰልፍ ይጠይቀዋል። ሰውን ከመካከል ወደ ዳር የሚወስድ መንግሥት ከዳር ወደ መካከል የሚመልስ መንገድ የመሥራት ግዴታ አለበት። ባቡር በሁሉም አገር የተፈጠረው ለዚሁ ነው። እኛ ግን ሰውየውንም ጣቢያውንም ወደ ዳር አወጣን፤ ያውም ሰውየውን በአንድ በኩል፥ ጣቢያውን በሌላ በኩል።

እንግዲህ መፍትሔ ይሆናል የምንለውን ባጭሩ እናቅርብ።

አንደኛ፤ የምድር ባቡሩ ድርጅት፥ የከተማው ቀላል ባቡርና የከተማው አውቶቡስ በጋራ የሚቈጣጠሩት አንድ የጣቢያ ማኅበር ይቋቋም። ሥራው መንገደኛው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበትን ማዘጋጀት ብቻ ይሁን። በቦርዱም ውስጥ መንገደኞች ራሳቸው የሚወከሉበት ወንበር ይኑር።

ሁለተኛ፤ በለገሃር መሬት ላይ የሚሠራው ሁሉ ሳይሠራ በፊት ሐዲድ የሚገባበት ስፍራ በፕላኑ ላይ ተለይቶ ይጠበቅ። ሐዲዱ ዛሬ ባይዘረጋም ግድ የለም፤ ፎቅ ከተሠራበት በኋላ ግን ሊዘረጋ አይችልም። ከአራቱ አሳቦች ሁሉ የሚቸኩለው ይህ ነው።

ሦስተኛ፤ ሐዲዱ እስኪደርስ ድረስ ከምኒልክ አደባባይና ከለገሃር ተነሥቶ ለቡ የሚያደርስ፥ በባቡሩ ቲኬት የሚሳፈሩበት አውቶቡስ ይመደብ። ለዚህ ብድርም ጥናትም አያስፈልግም፤ ሁለት መሥሪያ ቤቶች አንድ ቀን ተቀምጠው ቢነጋገሩ ይበቃል።

አራተኛው የኛ የራሳችን ድርሻ ነው። በድሬዳዋ ወርክሾፕ ውስጥ በአሮጌ መኪና ብረት ቀጥቅጠው ያደሩ፥ በለገሃር ቲኬት የቈረጡ፥ በአዋሽ ድልድይ ላይ ሎኮሞቲቭ የነዱ ሽማግሌዎች ከቀን ወደ ቀን እያለቁ ናቸው። የዚህች አገር የሠራተኞች ማኅበር ታሪክ ሲጻፍ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንዱ የእነዚሁ የምድር ባቡር ሠራተኞች ነው። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች የሽማግሌዎቹን ቃል ይጻፉ፤ የኢንጂነሪንግ ክፍል ተማሪዎች የለገሃርንና የለቡን መገናኛ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ይውሰዱት፤ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች በየትንንሹ ጣቢያ የነበረው ገበያ ባቡሩ ሲቆም ምን እንደ ደረሰበት ይመርምሩ። መምህራኖቻችንም ይህን ሥራ ከፈተና ነጥብ ጋር ቢያያይዙልን ምስጋናችን ከልብ ነው።

አፄ ምኒልክ ባቡሩን ከድሬዳዋ አትቀጥሉ ያሉት ባቡር ጠልተው አልነበረም። ባቡሩ የሚመጣው በማን ትእዛዝና ለማን ጥቅም እንደ ሆነ ሳይታወቅ አይመጣም ማለታቸው ነበር። ያ ጥያቄ ያን ጊዜ ለባዕድ ኩባንያ ቀረበ፤ ዛሬ የሚቀርበው ለራሳችን መሥሪያ ቤቶች ነው። ቸርችል ጎዳና እንደ ድሮው ከፒያሳ ወደ ለገሃር ይወርዳል። ከታች ጫፉ ላይ መንገደኛ የሚሳፈርበት ባቡር እንዲቆም ወይም የሚያምር ባዶ ቤት ብቻ እንዲቀር የሚወስነው በነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚጸድቀው ፕላን ነው። ፕላኑ ሳይዘጋ እንናገር።

ከተማሪዎች አንዱ